በወንድምሽ ተውኔት ላይ የጻፍሁት ሒስ

ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን

ለምወድሽና ዘወትር ለምትናፍቂኝ ልጄ፣

ባሕር ተሻግረሽ ከሄድሽ ወዲህ ደብዳቤዬ ሁሉ በእናትሽ የጉልበት ሕመምና በእኔ የዓይን መድከም ላይ ሲመላለስ መኖሩን አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ሁለታችንም በአካላችን ደኅና ነን፤ የታመመው ቤታችን ነው።

ወንድምሽ ዓመታት የደከመበት፣ ባለሀብቶችም ገንዘባቸውን ያፈሰሱበት ሙዚቃዊ ተውኔት የምረቃው ቀን እየተላለፈ፣ «የሙከራ ትርዒት» በሚል ስም ግን ቲኬት እየተሸጠ መሰንበቱን ሰምተሻል። እኛ ሐያስያን ባልተመረቀ ሥራ ላይ ብዕር ያለማንሣት ደንብ አለንና፣ ወጣቶቹ ቢያጉረመርሙም፣ ታላቃቸው እኔ ስለሆንሁ ቃሌን አክብረው ታገሡ። አንዱ አፈኛማ፣ «ጋሼ፣ እስኪመረቅ እኛ ጡረታ ልንወጣ ነው እኮ!» ብሎ አስቆን ነበር።

ባለፈው ወር በአንዱ ቅዳሜ እኔም ቲኬት ቆርጬ ገባሁ። መሪዋ ዘፋኝ በላይዋ ቆማ እየዘፈነች፣ ከጣሪያው በብረት ገመድ ወርዳ መድረኩ ላይ የምታርፍ ትልቅ ጨረቃ ሠርተዋል። ጨረቃይቱ መንገዷ እኩሌታ ላይ ተንገጫግጫ ቀጥ አለች፤ ልጅቱ በተመልካቹ ራስ ላይ ተንጠልጥላ፣ ሙዚቀኞቹ ያንኑ ዜማ እየደጋገሙ ሳለ ሕዝቡ አስቀድሞ አጨበጨበ፣ ቀጥሎም ሳቀ። ከኋላዬ አንዱ፣ «እትዬ ጨረቃ፣ ዛሬ አይነጋም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። እኔ ግን ዘፈኗን አቋርጣ ገመዱን በሁለት እጇ ስታቅፍ አየሁ።

በመሰላል ካወረዷት በኋላ መልበሻ ክፍሉ በር ላይ አገኘኋት። «ጋሼ፣ ባለፈው ከዚችው ላይ የወደቀው ዳንሰኛ እስካሁን አልጋ ላይ ነው» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኛ ብንናገር በማግሥቱ ሌላ ሰው ይተካብናል። እርስዎ ይጻፉ።»

ወንድምሽ መጣ፤ ከስቶ፣ ጢሙም አድጎ አላውቀው ልል ነበር።

«አባዬ፣ አንተ ካልካቸው ሐያስያኑ ይጠብቃሉ። አንድ ወር ብቻ አስታግሥልኝ፣ አስተካክላታለሁ።»

«እስክትስተካከል ሰው አታውጣባት፤ እኔም አስታግሣቸዋለሁ።»

«ያለ እሷ ማን ቲኬት ይገዛል? ባለገንዘቦቹ ያንቁኛል።»

«እንግዲያ ልጅቱ ነገም ትወጣባታለች?»

«ነገም።»

ቤቴ ገብቼ ጻፍሁ። ደንቡን ስጠብቅ የኖርሁት እኔው አፈረስሁት፤ የጻፍሁትም ስለ ገመዱና ስለ ወደቀው ዳንሰኛ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የእኔን ፈለግ የተከተሉት ሌሎቹ ሐያስያን ዜማውንም፣ ግጥሙንም፣ የወንድምሽንም ችሎታ አብረው ቀበሩት፤ የአንደኛው ርእስ «አባቱ እንኳ ያላዳነው» ይል ነበር። ባለሀብቶቹ ገንዘባቸውን ሰበሰቡ፣ ቲያትር ቤቱ ተዘጋ። ልጅቱ አልወደቀችም፤ ነገር ግን ከዳንሰኞቹና ከሙዚቀኞቹ ጋር ሥራ ፈታ ተቀምጣለች።

ወንድምሽ የእኔን ስልክ አያነሣም። ትናንት ከእናትሽ ጋር ቤቱ ድረስ ሄደን፣ እሷ ስታንኳኳ እኔ ደረጃው ሥር ቆየሁ። «እማዬ፣ ብቻሽን ከሆንሽ ግቢ» ሲላት ሰማሁ። እሷም ዞራ አየችኝና ገባች።

ልጄ፣ ለማንም ያልነገርሁት አንድ ነገር አለ። በዚያው ቅዳሜ፣ ትርዒቱ ከቀጠለ በኋላ፣ በተውኔቱ ሁለተኛ ክፍል፣ እናት ሆና የምትጫወተው ተዋናይት ባዶ አልጋ እያነጠፈች የምትዘፍነው ዘፈን ነበር፤ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ በመድረክ ላይ ከሰማሁት ሁሉ እርሱን የሚያህል አላውቅም። አልጻፍሁትም፤ ለልጁ አዳላ እንዳይሉኝ ፈራሁ። አሁን ብጽፈው ለወንድምሽ ማባበያ ይመስለዋል።

ስለዚህ አንቺ ደውዪለት። ይቅር በለው ብለሽ አትለምኝልኝ፤ ስለ እኔም አታንሺ። እንዲያው አውሪው፣ እንደ ልጅነታችሁ ተበሻሸቁ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ እንዴት እንደነበረ ብቻ ጻፊልኝ።

በሰው አገር ደጅሽ አይዘጋ፤ የያዝሽው ይባረክልሽ፤ ከወለድሻቸው ጋር በአንድ ማዕድ ያስረጅሽ።

አባትሽ