ቁም ሳጥንዎ ውስጥ ስለተቆለፈበት የእናቴ መድኃኒት

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ባዘዘው
የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ቴፒ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እርስዎ የታመሙ እንደሆነ «ወባ ነው» ብሎ የሚነግርዎ ሌላ ሰው በዚህ ከተማ ስለሌለ ነገሩ ዘወትር ያሳስበኛል። እኔ የወይዘሮ አማረች ልጅ ሩሐማ ነኝ። ባለፈው ዓመት በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ አገሬን ለማገልገል ተዘጋጅቻለሁ፤ አሁን አገሬ እስክትዘጋጅ እየጠበቅኋት ነው። በዚህ መሃል ጊዜ ስለተረፈኝ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ፣ ከወባ መከላከያው ሥዕል አጠገብ ለጥፌዋለሁ። ሥዕሉን እንዳልሸፈንኩት ልብ ይሉልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ወባው ላመሰግንዎ እወዳለሁ። እናቴ ገና በሠላሳ ሰባት ዓመቷ የወር አበባዋ ቀርቶ፣ ሰውነቷ በድንገት እየጋለ፣ ሌሊት አንሶላዋ በላብ እየራሰ ወደ እርስዎ በመጣች ጊዜ፣ ደሟን አስመርምረው ወባ ባይገኝ «ተደብቆ ነው» ብለው ክኒን ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ወባው እንደተደበቀ፣ እርስዎም እንዳሳደዱት ኖራችኋል። ልጅ ሳለሁ ይህ ወባ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባ ዓይን አፋር ዘመዳችን ይመስለኝ ነበር። በየጊዜው የሰጡን አጎበርም ከእኛ ተርፎ ለዶሮዎቻችን ደርሷል፤ እስከ ዛሬ አንዷም ወባ ይዟት እንደማያውቅ ስገልጽልዎ ደስታ ይሰማኛል። እናቴ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር መሃል ላቧ ፊቷን ሲያጥባት አንዱ «መንፈስ ነው»፣ ሌላው «ይህች ሴት በሽታዋ ምንድን ነው?» ሲል፣ ሃያ ዓመት ከዘመረችበት ረድፍ ወጥታ የኋላ አግዳሚ ላይ፣ በር አጠገብ መቀመጥ ጀመረች። እዚያ ነፋስ አለ።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ክረምት በራችን ላይ አዳልጧት፣ ሕፃን ቢሆን ስቆ የሚነሳበትን አወዳደቅ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ያን ጊዜ «ወባ አጥንት ያደክማል» ያሉትን አልረሳሁም፤ እኔ እንኳ የቡና ቅጠል ሲጠወልግ መድኃኒት ከመርጨቴ በፊት ሥሩን እንዳይ ነው የተማርኩት። ሚዛን ተፈሪ ወስጃት ዶክተር ትሕትና የተባሉ ሐኪም አገኘን። ሐኪሟ እጇን እያዩ «የወር አበባሽ የቀረው መቼ ነው?» ብለው ጠየቋት። በቃ፣ ይኸው ነው። እናቴ በመልስ ጉዞ ሚኒባሱ ውስጥ «እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም እኮ» አለችኝ። የሴት ሆርሞኗ ያለ ጊዜው ስለተቋረጠ ሙቀቱም፣ ላቡም፣ የአጥንቷ መሳሳትም ከዚያ የመጣ እንደሆነ፣ መተኪያውን ያኔውኑ ብትጀምር የተሻለ ይሆን እንደነበር፣ ቢዘገይም ግን በዕድሜዋ ገና እንደሚጠቅማት አስረዷት፤ አስፈላጊውንም ምርመራ አድርገው አስጀመሯት።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ቅሬታ አይደለም፤ ወባው ጠፋ። ያለ አንዲት የወባ ክኒን ነው የጠፋው። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች፤ አንድ ማታ «ብርድ ልብስ ስጪኝ» ስትለኝ ከሳጥን ሥር ፈልጌ እስካወጣው ድረስ ራሴ ላብ በላብ ሆንኩ። ቡና እየለቀመች ታዜማለች። ባለፈው ወር ደግሞ የመዘምራን ልብሷን አውጥታ አጥባ አሰጣችው፤ እኔ ምንም እንዳላየሁ ሆኜ በአጥሩ በኩል አለፍኩ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ዶክተር ትሕትና እናቴ በዚህ ጭቃ በየጊዜው ሚዛን ድረስ እንዳትንገላታ ብለው መድኃኒቷን አሽገው ወደ እርስዎ ላኩ። እርስዎም በጥንቃቄ ተቀብለው ቁም ሳጥንዎ ውስጥ ቆለፉበት። እናቴ ልትወስድ ስትመጣ፣ በተራ ጠባቂው ሁሉ ፊት «በዚህ ዕድሜሽ ኮረዳ መሆን አማረሽ እንዴ፣ አማረች? የሴት ሆርሞን ያለ ባል አይሰጥም፤ ባልሽን ይዘሽ ነይ» አሏት። ሰዉ ሳቀ። ቀልድ እንደሚችሉ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ስለ አባቴ መዘግየት በቤተሰቡ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንደሚያስታውሱት ከአራት ዓመት በፊት ስንቀብረው እርስዎም ነበሩ፤ ድንኳናችን ውስጥ ከእናቴ ፊት ለፊት ተቀምጠው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለዋታል። መልእክትዎን መቃብሩ ድረስ ሄጄ ነግሬዋለሁ፤ እስካሁን አልመጣም። እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩበት፤ በሕይወት ሳለ ቀጠሮ የሚያከብር ሰው ነበር።

እናቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማዜሟን ትታለች። የመዘምራን ልብሷንም አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ መልሳዋለች። «ይቅርብኝ፣ ላቡን ለምጄዋለሁ» ትላለች፤ ቤት ያለው ክኒን ደግሞ ከዚህ ሳምንት አያልፍም። ዘጠኝ ዓመት በወባ ያሳለፏትን «እሱም ባያውቅ ነው» ብላ ይቅር ብላዎት ነበር። ሳቁ ነው የከበዳት። ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ነው፤ ቁም ሳጥንዎን ይክፈቱና እሽጉን በዚያው ሰው ፊት፣ ባሏን ሲጠይቋት በነበረው በዚያው ከፍ ባለ ድምፅ ስሟን ጠርተው ይስጧት። ድምፅዎ ደጅ ድረስ እንደሚሰማ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ደጅ ቆሜ ሰምቼዋለሁና።

ለአገልግሎትዎ ወሰን የለሽ ምስጋናዬን፣ ለቁም ሳጥንዎ ቁልፍም መልካም ጤንነትን እየተመኘሁ፣ ምላሽዎን ሥራ በምጠብቅበት ትዕግሥት ሳይሆን ከዚያ ባነሰ የምጠብቅ፣

አክባሪዎ
ሩሐማ፣ የአማረች ልጅ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሰርካዲስ ትናንት በጓሮ በር መጥተው ከእናቴ ጋር ሲጫወቱ አመሹ። እሳቸውም የወር አበባቸው ያለ ጊዜው ከቀረ ጀምሮ የተደበቀ ወባ እንዳለባቸው፣ ክኒኑንም የሚሰጧቸው እርስዎ እንደሆኑ ነገሩን። እዚህ ላይ መጻፉ ነውር መስሎኝ ነበር፤ «ጻፊው፤ ስነግረው አይሰማኝም፣ ሲያነበው ይሰማ ይሆናል» ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። ሐሙስ ዶክተር ትሕትና ዘንድ ይሄዳሉ፤ እናቴም አብራቸው ትሄዳለች። በመመሪያዎ መሠረት ያለ ባል የሚሆን ነገር ስለሌለ፣ ጠዋት መናኸሪያው ላይ የሚዛን ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ይዘን እንጠብቅዎታለን። ሲመጡ የእናቴን እሽግ እንዳይረሱ።