ትንፋሽ መቁጠር

ጥቅምት 4

የሁለት ቀን ሥልጠናው አለቀ። ከዛሬ ጀምሮ በትንሿ ኦፕሬሽን ክፍል ሥራዬ ማየት ብቻ ነው። በሽተኛው ሙሉ በሙሉ አይተኛም፤ በመርፌ ይፈዛል፣ ሲጠሩት ግን ይመልሳል። በየአምስት ደቂቃው ትንፋሹን፣ የልብ ምቱን፣ ግፊቱን፣ ኦክስጅኑን እጽፋለሁ። ሌላ ነገር አልነካም።

ዶክተር ህሩይ መመሪያውን አነበበና፣ "እንግዲህ ቁጭ ብለሽ ደሞዝ ልትበዪ ነው" አለ።

የመጀመሪያዋ ከመሰላ ወረዳ የመጣች ሴትዮ ናት። እብጠት ተከፈተላት። በየአምስት ደቂቃው በስሟ ጠራኋት። ስትወጣ ለእህቷ፣ "ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል ይቺ ልጅ አላስተኛ አለችኝ" ብላ ከሰሰችኝ።

ሥራዬን ሠርቻለሁ ማለት ነው።

ጥቅምት 9

"ሲስተር ሮዳስ፣ አንድ ደቂቃ የበሽተኛውን እግር ያዢልኝ" አለ ዶክተር ህሩይ።

ያዝኩ። ሌላ ሰው አልነበረም... አንዱ ደቂቃ አሥራ አንድ ሆነ። ስመለስ ሁለት ረድፍ ባዶ። ሰውየው ደህና ነው፤ ጣሪያውን እያየ ይስቃል።

ባዶውን ሞላሁት። ምት 82፣ ትንፋሽ 16። ከየት አመጣሁት? ከራሴ።

ጥቅምት 10

የነርሶች ኃላፊዋ ሲስተር ሰርክአዲስ የትናንቱን ወረቀት፣ የበሽተኛውን ስም ሸፍና፣ ሰሌዳ ላይ ለጠፈችው። "አሞላል ማለት እንዲህ ነው!" አለች።

ምሳ አልበላሁም።

ጥቅምት 16

ሳቢት፣ የከባድ መኪና ሹፌር። ሚኤሶ ላይ ከጭነቱ አናት ወድቆ ትከሻው ወልቋል። ግዙፍ ሰው፤ አንገት የሚባል ነገር የለውም። ከመርፌው በፊት ጠየቅኩት። በሽታ? "የለም።" ማንኮራፋትስ? "እኔ? በጭራሽ!"

ሚስቱ ኩብራ በሩ ላይ ናት። "ወላሂ ግድግዳው ይነቃነቃል። ደሞ መሐል ላይ ዝም ይላል፣ ትንፋሹ ይጠፋል። በክርኔ ስደቁሰው ይመለሳል።"

ለዶክተር ህሩይ ነገርኩት። መድኃኒቱን ቀንሶ ጀመረ። ሳቢት ጮኸ። ጨመረለት። ትከሻው ቋ ብሎ ገባ።

"አለቀ። አውጡትና ቀጣዩን አስገቡ" አለ ጓንቱን እያወለቀ።

"ስጠራው አይመልስም ዶክተር።"

"ደክሞት ነው። ነዪ፣ ቀጣዩን አዘጋጂ።"

"አልሄድም።"

ይሄ ቃል ከየት መጣ? አራት ዓመት አብሬው ስሠራ ብዬው አላውቅም። ዶክተሩ ትከሻውን ሰብቆ ወጣ።

ሕመሙ ሲቆም የሚቀሰቅሰው የለም፤ መድኃኒቱ ብቻ ይቀራል። ሳቢት ሲያንኮራፋ ነበር፤ ማንኮራፋቱ ድንገት ቆመ። ጣቱ ላይ ያለው ማሽን 96 ይላል... ኦክስጅን ስለምንሰጠው ቁጥሩ ዘግይቶ ነው የሚወርደው። ደረቱ ይነሳል፣ አፉ ላይ እጄን ባደርግ ግን አየር የለም። "ሳቢት! ሳቢት!" ምንም። አገጩን ወደ ላይ አነሳሁ። "ዶክተር!" ድምፄ በረንዳው ድረስ ተሰማ አሉ።

ሮጦ መጣ። እኔ በጭምብሉ አየር እየነፋሁ፣ እሱ የመድኃኒቱን ማርከሻ ወጋው። ሁለት ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ ለካ ረጅም ነው።

ሳቢት ዓይኑን ገለጠ። "ትከሻዬን መቼ ነው የምትመልሱልኝ?"

ዶክተር ህሩይ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ማርከሻው ከመድኃኒቱ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሰዓት አጠገቡ ቆየሁ። ኩብራ፣ "ገለቶሚ፣ አላህ ይስጥሽ" አለችኝ። ከዚያ ባሏን በክርኗ ደቆሰችው፤ ነቅቶ ሳለ።

ጥቅምት 17

ወረቀቱን ከሰሌዳው ነቅዬ ለሲስተር ሰርክአዲስ ወሰድኩ። ዶክተር ህሩይም እዚያ ነበር።

"እነዚህ ሁለት ረድፎች ውሸት ናቸው። አላየሁትም ነበር።"

እሱ ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። "እግር ያዢ ያልኳት እኔ ነኝ" አለ።

ቁጥሮቹ ላይ መስመር አሰመርኩ። "አልታየም" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ።

"ለእኔም ይጻፍልኝ" አለ።

ሰርክአዲስ መሳቢያዋን ከፍታ ፈለገች። "ለሐኪም የሚሆን ቅጽ የለኝም" አለች።

ምሳ በላሁ።

ጥቅምት 25

ወይዘሮ ሞሚና፣ ከመቻራ። የተሰበረ እጇ ሊቃና ነው። አልጋው ላይ ተጋደመች፤ ማሽኑን ጣቷ ላይ ሰካሁ፣ ግፊቷን ለካሁ። ዶክተር ህሩይ ጓንቱን አጥልቆ ወደ እኔ ዞረ።

"ሲስተር፣ ልጀምር?"

ጠይቆኝ አያውቅም።

"ቆይ" አልኩት።

ጓንት ያጠለቁ እጆቹን ከፍ አድርጎ ቆመ።

ግፊቷን ድጋሚ ለካሁ። የመጀመሪያውም ልክ ነበር።