ብርብራው አልነበረም

ቢቸና፣ ኅዳር 13 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለገላው
ሞጣ

ሰላምታዬ ከደጅህ ሳይመለስ ይድረስህ። እንዴት ነህ? ወገብህስ? እኔ ደኅና ነኝ። ይህን ቃል ጽፌ ትንሽ ቆየሁ። ግን ደኅና ነኝ።

ስልክ ልደውል ነበር። ባለፈው ስደውል አዲሷ ሚስትህ በዛብሽ አንሥታ «ማን ልበል?» አለችኝ። ማን እንደምባል ጠፋኝና ዘጋሁት። ስለዚህ ይህን የሞጣው አውቶቡስ ረዳት ፋንታ ያደርስልሃል። የምጽፍልህ ስለ ዓሣ ነው። እንዳትስቅ።

ወንዛችን በኅዳር እንደሚጠራው ጠርቷል። ትዝ ይልሃል፣ የብርብራውን ፍሬ አድርቀን፣ ወቅጠን፣ አንተ ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ሰብስበህ ዱቄቱን ውኃው ላይ ስትበትን? ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ወደ ሰማይ ሲያዞር፣ እኔ በነጠላዬ ስሰበስብ። አባትህ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ከመንገዱ ላይ ቆመው «በጾም?» ይሉሃል። አንተ «አባቴ፣ ዓሣ እኮ ደም የለውም» ትላቸዋለህ። «ቅኔ ቤት ስትተኛ ያለምከው ይህንን ነው?» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሲሄዱ ግን ትከሻቸው ይስቅ ነበር።

ዓሣ ደም አለው፣ ገላው። አየሁት።

የጀርባውን ክፍል ሊድያ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተከራይታለች። የሐዋሳ ልጅ ናት፤ ሐይቅ ዳር ስላደገች ዓሣ ስትይዝ እጇ አያመነታም። ከወንዛችን ታወጣለች፣ ከጅራቱ አጠገብ በመርፌ ደም ትቀዳለች፣ በስስ መስታወት ላይ ትቀባዋለች። አንድ ቀን «እትዬ አገሬ፣ ይምጡ ይዩ» አለችኝ። በማይክሮስኮፑ አየሁ። እያንዳንዷ ሕዋስ መሐሏ ላይ አስኳል አላት፤ ዘሩ የሚቀመጠው እዚያ ነው አለችኝ። ከአንዳንዱ አስኳል አጠገብ ደግሞ ትንሽ ነጥብ ነበረች። ብቻዋን።

«ይህችስ?»

«መኖር ያልነበረባት ናት። ከዘሩ ተሰብራ የቀረች ቁራጭ።»

«ምን ሰበራት?»

«እርሳስ ይመስለኛል። ጭቃው ውስጥ ብዙ አግኝተናል። ከዚህ በላይ ባትሪ የሚያቀልጥ ሰው ነበር?»

«ነበር» አልኳት። ስምህን አልጠየቀችኝም። ግድግዳው ላይ ያለውን የሠርጋችንን ፎቶ ግን አየችው።

ብዙው እንቁላል አይፈለፈልም አለች። የተፈለፈለውም ጀርባው ጎብጦ ይወጣል። የጎበጡትን እኛም ካየን ቆይተናል። አንተ ከሄድክ በኋላ ሽማግሌዎቹ ስለ ዓሣው ተሰብስበው ነበር፤ እኛን ባፋቱበት በዚያው በብርብራው ሥር። አባትህ «ዓሣውን የጨረሰው ብርብራው ነው» አሉ። ጥላው ሥር ተቀምጠው። ሰው ሁሉ አመነ፤ ዛፉ እንደሆነ እዚያው ቆሟል። ቆረጡት። ዓሣው አልተመለሰም፤ ጥላውም ሄደ። ሊድያ ይህን ስነግራት «ብርብራ የገደለው በዚያው ቀን ይሞታል እንጂ፣ ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ዓመት አይጠብቅም» አለች።

ከዚያ ጠየቅኋት።

«ሰውስ?»

መስታወቷን መወልወል ጀመረች። «እኔ የማጠናው ዓሣ ነው፣ እትዬ። ስለ ሰው እንዲህ ነው ብዬ አልነግርዎትም። እርሳስ ለነፍሰ ጡር እንደማይበጅ ግን የታወቀ ነው።» ቀና አለች። «እርስዎ ከዚያ ውኃ ይጠጡ ነበር?»

«ሌላ ውኃ የት ነበረን?» አልኳት።



ሦስት ጊዜ አረገዝኩ፤ ሦስቱም ቀናቸው ሳይደርስ ሄዱ። አባትህ ያኔ ያሉትን ታስታውሳለህ፤ አልደግመውም። ሽማግሌ የሚፈርደው ፊቱ በቆመው ላይ ነው። እኔም ቆሜ ነበር።

አልወቅስህም። የቀለጠው እርሳስ ሊረጋ ሲል እንዴት ያበራ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን እናየው ነበር። ፊትህ ውስጡ ይታይ ነበር። ቆንጆ ነበር። አሁን ይህን ሳስብ እጄን እታጠባለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ እታጠባለሁ።

ትናንት ፋንታ ለሚካኤል ጠበል ጸዲቅ መጥቶ ወሬህን አመጣልኝ። «ጋሽ ገላው ሞጣ ላይ አዲስ ማቅለጫ አቁሟል፣ እዚያው ወንዙ ዳር! የሶላር ባትሪ ከየገጠሩ ይጎርፍለታል። የበዛብሽም ሆድ ገፍቷል። ዓሣ አማረኝ እያለች ሰውዬውን ዓሣ አስጋሪ አድርጋዋለች!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ከነገ ወዲያ ጾሙ ይገባል፤ እንደ አንተ ደም የለውም ባዩ ሁሉ ወንዝ ይወርዳል። ስለዚህ ስማኝ። ከዚያ ወንዝ ዓሣ አታብላት። የምትጠጣውን ከቧንቧ ቅዳላት። የሥራ ልብስህን ቤት አታስገባ፤ እሷም አትጠበው። ማቅለጫውን ከውኃው አንሣ፤ ከቻልክ ጭራሽ ተወው። ሬዲዮ መጠገን ታውቅ የለ? እጅህ ለምንም ነገር አይሰንፍም።

ከእኔ እንደሰማኸው ለበዛብሽ አትንገራት። ቅናት ይመስላታል። ትንሽ ቅናትም አይጠፋበት ይሆናል። የውኃው ነገር ግን እውነት ነው።

መልስ አትጻፍልኝ። ፋንታ ከሞጣ ሲመለስ ማቅለጫው ከወንዙ ዳር መነሣቱን ይነግረኛል። መልስህ እሱ ይሁን።

የብርብራው ጉቶ አቆጥቁጧል። ከብት እንዳይበላው እሾህ አጥሬበታለሁ።

የሚመጣውን ልጅ እመቤታችን በእጇ ትቀበለው። አንተንም ለማቀፍ ታብቃህ። ምጧ ሲይዛት ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» ይላሉ፤ እኔም እዚህ ሆኜ አብሬያቸው እላለሁ። ቀኑን ግን አላውቀውም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሬያለሁ።

አገሬ