ከታችኛው መስመር የተነሣው ቀለም

ለወንድሜ ለበክሪ ሙሜ
አዲስ አበባ

አሰላሙ አለይኩም። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ቀጭን መስመር የሚለየው ዓይንህስ ደህና ነው? እጅህስ እንደ ድሮው ሳይንቀጠቀጥ ያሰምራል? ሳል ይዞኛል ብለህ ነበር፣ ተሻለህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ቆመን እንሄዳለን። ይህን ሁሉ የምጠይቅህ አባባ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ሰላምታ ሳታስቀድሚ ነገር አትጀምሪ ስላሉኝ ነው። በእኔ ቢሆን በቀጥታ ወደ ነገሩ እገባ ነበር።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ግራፉ አለቆችህን እንዳስደሰተ፣ ስብሰባው ላይ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ፣ የእጅህም ጽዳት እንደተመሰገነ ጽፈህልኛል። እንኳን ደስ ያለህ፣ ጓድ በክሪ። እኔ ግን ስምህ ሲነሣ ደሜ ይፈላል።

እስቲ ላስታውስህ። የላክሁልህ ረቂቅ በበደሳና በሚኤሶ ለእርዳታ እህል የተመዘገበውን ሰው የሚያሳይ ነበር። በደኅናው ዓመት በሁለቱም ቦታ የሚመዘገበው ሁለት ሁለት መቶ ሰው ነው። ዘንድሮ በደሳ አራት መቶ ሆነ፣ ሚኤሶ ስምንት ሺህ። በተራው ወረቀት ብሠራው የበደሳው ከታች ተለጥፎ ሊታይ አልቻለም። ስለዚህ የሎጋሪዝም ወረቀት ተጠቀምሁ፤ አንድ፣ አሥር፣ መቶ፣ ሺህ እያለ እያንዳንዱ እርከን ከበታቹ አሥር እጥፍ የሚሆንበትን። ቀለሙን ያስነሣሁት ከሁለት መቶው መስመር ነው። ከዚያ በታች ያለው የደኅናው ዓመት ነውና ባዶውን ይቅር አልሁ፤ የሚቀባው ድርቁ የጨመረው ብቻ ነው። የሚኤሶው ስምንት ሳንቲሜትር ቆመ፣ የበደሳው አንድ ተኩል። ይህም ቢሆን ልዩነቱን ያሳንሰዋል፤ ለዚህ ነው ከሥሩ ሚኤሶ አርባ እጥፍ፣ በደሳ ሁለት እጥፍ ሆኗል ብዬ የጻፍሁት። ከዚያም እጅህ ከእጄ ስለሚያምር በንጹሕ እንድትገለብጠው ላክሁልህ። የእኔ ጥፋት ይኸው ነው፣ አልክድም።

አንተስ ምን አደረግህ? ቀለም ከመሬት ይነሣል እንጂ አየር ላይ አይንጠለጠልም፣ እንዲህ ያለ ሥራ ያሳፍረኛል ብለህ እስከ ወረቀቱ ታችኛው ጠርዝ ድረስ ቀባኸው። ማስታወሻዬንም መልኩን ያበላሻል ብለህ አወጣኸው። የትኛውን መሬት ነው የምትለው? በዚያ ወረቀት ላይ የታችኛው መስመር ዜሮ አይደለም፣ አንድ ነው። ከሥሩ ሌላ እርከን ብትቀጥል አንድ አሥረኛ ይመጣል፣ ከዚያም በታች ሌላ፤ ዕድሜህን ሙሉ ብትወርድ ዜሮ አታገኝም። አንተ መሬት ያልኸው ወረቀቱ ያለቀበትን ቦታ ነው። አለማወቅህ አይደለም የሚያንገበግበኝ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ፣ መልስ ለመስጠት ተዘጋጅቼ፣ አንዲት ቃል ሳትጠይቀኝ ማረምህ ነው።

ያመሰገኑህን ቅጂ በማስመሪያ ለካሁት። ሚኤሶ አሥራ ዘጠኝ ተኩል፣ በደሳ አሥራ ሦስት። ሦስት እጅ ለሁለት እጅ መሆኑ ነው። እህሉን የሚደለድለው ኮሚቴም ቀለሙን አይቶ ከተገኙት አምስት የጭነት መኪናዎች ሦስቱን ለሚኤሶ፣ ሁለቱን ለበደሳ መደበ። በደሳም ቸግሮታል፣ አልመቀኘውም። ግን ሚኤሶ ያለው ሰው ሃያ እጥፍ ነው። በየቢሮው እየዞርሁ ለመንሁ። ግራፉን የሠራው የገዛ ወንድምሽ ነው፣ ከእሱ ልትበልጪ ነው ወይ ብለው ሳቁብኝ።

ሚኤሶ ላይ ወረፋው በመዝገብ ቁጥር ነበር። ሦስተኛው መኪና ሲራገፍ ስንዴው ሁለት ሺህ ስድስት መቶኛው ሰው ላይ አለቀ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችን አክስታችን ፋጤ፣ ቁጥሯ ሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥራ አራት ነበር። አንድ መኪና ቢጨመር ይደርሳት ነበር። እኔ ስሄድ ከሰልፉ አልወጣም ብላ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ላሉት ሁሉ ኢልመ ኮ በክሪ፣ ልጄ በክሪ፣ አዲስ አበባ ሆኖ የእኛን ነገር በወረቀት የሚያወጣው እሱ ነው፣ አይረሳንም ትላቸው ነበር። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በደብዳቤህ መጨረሻ ፋጤ እንዴት ናት ብለህ ጠይቀሃል። ወደዚያ እመጣለሁ።

እንግዲህ ሰላምታው ይኸውልህ። አባባ ሰላም ብለውሃል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እህትህ ሙሚና ሰላም ብላሃለች፣ ሌላ የምለው የለኝም ብላለች። ጎረቤታችን እማማ ዘርፈሽዋል ልጄን ሳሚልኝ ብለዋል፣ እሳቸው የሆነውን አያውቁም። አባባ አሁንም ከጎኔ ሆነው፣ ፋጤም ሰላም ብላሃለች ብለሽ ጻፊ፣ መርዶ በወረቀት አይላክም፣ ሰው ልከን በወጉ እናረዳዋለን እያሉኝ ነው። ወጉን አውቃለሁ። በዚህ አገር ስንቱ ከተቀበረ በኋላ በደብዳቤ ሰላም ሲል ከርሟል። ጽፌዋለሁ አልኋቸው፤ ዓይናቸው ደክሟልና አያነቡትም። እኔ ግን የሌለውን እንዳለ አድርጌ አልጽፍም። ፋጤ ሰላም አላለችህም። ጥር 24 ቀን፣ ጁምዓ፣ ሚኤሶ ቀብረናታል።

እህትህ ረዲያ ሙሜ
አሰበ ተፈሪ
የካቲት 4 ቀን 1977 ዓ.ም.