የኮልቢ አበባ

ለውድ ወንድሜ ሮይስ፣

የአላስካ ብርድ እንደማይጎዳህ ተስፋ አለኝ፤ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ልጄ ኮልቢ የሚጫወትበት የኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ዘንድሮ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። ቅዳሜ ሰማንያ ሺህ ሰው አብሮ ሲጮህ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም!

ከጨዋታው በፊት ተመራቂ ተጫዋቾች ለእናቶቻቸው አበባ ስለሚሰጡ ሜዳው ላይ ተሰልፈን ጠበቅናቸው። ኮልቢ እኔን አልፎ ለአሰልጣኙ ሚስት ሰጣት። «አንተ ቀልደኛ፣ እናትህ እኮ እዚያ ናት!» ስትለው ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም። ከዚያ በፊት በነበረው ጨዋታ ጭንቅላቱን ተመቶ ከወደቀ ወዲህ ዝም ይላል። አሰልጣኙ «ድካም ነው» ብለውኛል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለዋንጫ ይጫወታል። እባክህ ከዚያ በፊት ደውልለት። ስትደውል ግን መጀመሪያ ማን እንደሆንክ ንገረው።

በሰላም ያገናኘን፣
እህትህ ሎሬታ