ጠያቂዎች ነን

ለወንድምዓለሜ ለማህዲ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ከረምክ? ወገብህን ተሻለህ? የድሬዳዋ ሙቀትስ ለቀቅ አደረገህ? ባለቤትህ አሪፋ፣ ትንሹ ሙንዲርስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ እናታችንም ከናፍቆትህ በቀር የጎደላት የለም።

«ሥራ አግኝቼልሻለሁ፣ ቶሎ ነይ» ያልከው ደርሶኛል። አላህ ይስጥህ፤ ግን ወላሂ አልመጣም። መጀመሪያ አንብብ፣ ከዚያ ትቆጣለህ።

ንዑስ ማዘጋጃው ለታመሙ ሕፃናት አንድ ክፍል ሰጥቶናል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሚከሳ ልጅ ይበዛል። የገበያው ሴቶች፣ የእኛም የክርስቲያኖቹም፣ ወተት፣ እንቁላልና የአጥሚት ዱቄት ያዋጣሉ፤ እኔ በተማርኩት እመግባለሁ፣ የባሰበትን ሆስፒታል እልካለሁ። ማዘጋጃው ታዲያ በሩ ላይ «የድሃ ሕፃናት መርጃ» ብሎ ሰቀለበት። ሰው ሸሸን። አልጣሽ የምትባል እናት ከገጠር ልጇን ምስክርን አዝላ መጣች፤ እግሩ አብጧል፣ ፀጉሩ ሳስቷል። ጽሑፉን አስነበበችና «ልጄ ታመመ እንጂ ድሃ ብዬ ስም አላወጣሁለትም» ብላ ከደጃፍ ተመለሰች። ተከትዬ ብለምናትም ዞር ብላ አላየችኝም።

ተናደድኩ፣ ከዚያ አሰብኩ። እናታችን ገንፎ ይዛ አራስ ቤት ስትገባ «ልርዳሽ» ትላለች እንዴ? «ልጠይቅሽ መጣሁ» ነው የምትለው። ቀለም አመጣሁና «የታመሙ ሕፃናት መጠየቂያ» ብዬ ጻፍኩበት። አብራኝ ከምትሠራው ከቅቤ ነጋዴዋ ከሠርክአዲስ ጋርም ወተት ይዘን አልጣሽን ቤቷ ድረስ ሄደን ጠየቅናት። በነጋታው ልጁን ይዛ መጣች፤ ሆስፒታል አስገባነው። ሌሎቹም እናቶች ተከተሉ።

ይሄኔ የማዘጋጃው ሹም መጣ። «ማን ፈቀደላችሁ? ለዚህ ተጠያቂው ማን ነው?» ሲል፣ ሠርክአዲስ ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ተጠያቂዎቹማ እነዚህ ሕፃናት ናቸው ጌታው፤ እኛ ጠያቂዎች ነን። እርስዎ ታዲያ ባዶ እጅዎን መጡ?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱ ግን አልሳቀም። የድሮው ጽሑፍ እስከ ሰኞ ካልተመለሰ ክፍሉ ይታሸጋል አለ። አልመልስም አልኩት፣ ፊት ለፊት።

ሰኞ ታሸገ። ማክሰኞ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ዘረጋን። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ እያየን አያልፍም፤ አንዱ እንቁላል፣ አንዱ ሙዝ ጣል ያደርጋል። ምስክርም ከሆስፒታል ወጥቶ ዛሬ ማንኪያውን ከእጄ ቀምቶ ራሱ ጎረሰ! በረንዳውንም ይከልክሉን፣ ቤት ለቤት እንዞራለን። የታመመ ለመጠየቅ ፈቃድ ያወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። ያን ሥራ ለሚፈልገው ስጥልኝ።

አሪፋን እቅፍ አድርጌ ሰላም ብያታለሁ። ሙንዲርን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። አማትህን በዱዓቸው እንዳይረሱኝ ንገራቸው። ጎረቤቶችህም «ያቺ የተማረች እህትህ ምን ትሠራለች?» ቢሉህ፣ አትፈር፤ «ትጠይቃለች» በላቸው።

እህትህ ራጂያ
ከፍኖተ ሰላም ወዲህ፣ ከቡሬ መንገድ ዳር
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.