የተጣሉት ዘጠኝ ፖስታዎች

ካልጋሪ፣ ማርልቦሮ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ፎርት መክመሪ ላለኸው ለወልደየስ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎታል። ኮል ያላደረግኩልህ ድምፅህን ስሰማ ንዴቴ ስለሚበርድብኝ ነው። ይህን ደግሞ ሳይበርድ ልነግርህ እፈልጋለሁ።

የቤት ማኅበራችን ሕንፃዎቹን ለአንድ ድርጅት ይሽጥ አይሽጥ የሚለው ድምፅ ባለፈው ረቡዕ ተሰጠ። ከተሸጠ አርባ አራት ቤተሰብ ውጡ ሊባል ነው። እንደምታውቀው፣ ባልም ሚስትም በየራሳቸው ድምፅ አላቸው፤ በፊት የቻለ በአካል፣ ያልቻለ በፖስታ ይመርጥ ነበር። አሁን ሰብሳቢው መርዕድ፣ ያ ሚዜህ፣ «በፖስታ ማጭበርበር ይበዛል» ብሎ አዲስ ደንብ አወጣ። የሌላ አባል የምስክርነት ፊርማ የሌለበት ፖስታ አይቆጠርም። ደንቡ በር ላይ የተለጠፈው ደግሞ ሰው ፖስታውን ከላከ ከሳምንት በኋላ ነው። ለመሆኑ አንተ እዚያ በረዶ ውስጥ ሆነህ የማርልቦሮ አባል ከየት አምጥተህ ልታስፈርም ነው?

በአካል መምረጫው ረቡዕ ከጠዋቱ አራት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ሆነ። የእኛ ሰው ረቡዕ ጠዋት የት እንደሚውል መርዕድ ጠፍቶት አይደለም። ገሚሱ መኪና ይነዳል፣ ገሚሱ ሱቅ ይቆማል፣ ገሚሱ አረጋውያን ያጥባል። እኔ ማኔጀሬን አሞኛል ብዬ ዋሽቼ ሺፍቴን ቀረሁ። ከላያችን ያለችው አይሹ ግን መዋሸት አልሆንላት ብሎ የምሳ እረፍቷን ጠብቃ፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች። አሥር ደቂቃ አልፎባት ነበር። የማኅበሩ አዳራሽ በር ተቆልፏል። በመስታወቱ እያየናት ነው።

«ክፈትላት» አልኩት መርዕድን።

«ሰዓቱ አልፏል፣ ፈትለወርቅ።»

«አሥራ ሁለት ዓመት የኖረችበት ቤት ነው።»

«ለእሷ ከከፈትኩ ለሁሉም መክፈት ሊኖርብኝ ነው።»

«እና ለሁሉም ብትከፍት ምን ትሆናለህ?»

ፊቱን ወደ ወረቀቶቹ መለሰ። አይሹ በመስታወቱ ትንሽ አየችንና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሲቆጠር ለመሸጥ አሥራ ዘጠኝ፣ ላለመሸጥ አሥራ ስድስት ሆነ። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የተናደድኩት በአንተ ነው። ስምህ አባልነቱ ላይ እያለ፣ አንዲት ወረቀት መላክ አቃተው፣ እኔን እንደተወ ቤቱንም ተወው ብዬ በልቤ ስሰድብህ ነበር። ጸሐፊዋ ቢታንያ ምስክር የላቸውም የተባሉትን ዘጠኝ ፖስታዎች ካርቶን ውስጥ ስትጥል ግን አንደኛው ላይ የእጅ ጽሕፈትህን አየሁ። ቴምብሩን እንደ ልማድህ አጣመህ ለጥፈኸዋል። አልተከፈተም።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ካርቶኑን ይዤ «ይሄ የባለቤቴ ድምፅ ነው፤ ይከፈት» አልኩ።

መርዕድ ሰው ሁሉ እየሰማ ምን አለኝ መሰለህ? «ባልሽ እኮ ከሁለት ዓመት በፊት ጥሎሽ ሄዷል።»

ሠርጋችን ላይ ከአጠገብህ የቆመ ሰው ነው ይህን ያለኝ። ካርቶኑን አስቀመጥኩና ወጣሁ። እስከ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ማታውኑ አይሹና እኔ መተዳደሪያ ደንቡን ዘርግተን ተቀመጥን። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከፈረመ ድምፁ እንደገና ይሰጣል ይላል። ሦስት ቀን በር ለበር ዞርን። ለመሸጥ የመረጠው ኪራኮስ እንኳ «መሸጡን እፈልጋለሁ፤ ሰው ላይ በር ተቆልፎ ግን አልፈልግም» ብሎ ፈረመልን። ሃያ ሁለት ፊርማ ሳስረክበው መርዕድ ቀና ብሎ አላየኝም።

አዲሱ ቀን ኅዳር 13 ነው፤ ቅዳሜ፣ ቀኑን ሙሉ። ያንን አስገድደነዋል። በፖስታ ግን አሁንም ያለ ምስክር አይሆንም ብሏል። እየተሟገትን ነው፤ ይሳካል ብዬ ግን አልዋሽህም።

ስለዚህ ና። ስምንት ሰዓት መንዳት መሆኑን አውቃለሁ። ለእኔ ብለህ አይደለም። መርዕድ ፊት ቆመህ፣ እያየህ፣ ድምፅህን ስጥ። ከዚያ ብትመለስ የራስህ ጉዳይ ነው። አይሹ «እኛ ሶፋ ላይ ይደር» ብላ ነበር፤ አያስፈልግም ብያታለሁ። የበሩን ቁልፍ አልቀየርኩም።

መንገዱ መንሸራተት ጀምሯል፤ የዊንተር ጎማህን ሳታስገባ እንዳትነሳ። እመቤታችን ከፊትህም ከኋላህም ትሁን።

ባለቤትህ፣
ፈትለወርቅ